የጅራት ጎማውና ሁለቱ የገብረየስ ልጆች

ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ
ኅዳር 12 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአቶ ሰብስቤ ገብረየስ፣
ደብረ ዘይት

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። እማዬ «እግዚአብሔር ይመስገንም በዪ» አለችኝ፤ ሳልላትም ጻፈችው።

አያውቁኝም። ኑሲባ ዳውድ እባላለሁ፤ የእኅትዎ የእፀገነት ልጅ ነኝ። አማርኛ እናገራለሁ፣ ፊደሉን ግን አልተማርኩም። ስለዚህ እኔ እየተናገርኩ የምትጽፈው እማዬ ናት። «የእኔን ስም አታንሺ» ብላኝ ነበር። የሚጽፈው ማን እንደሆነ ካላወቁ ውሸት ይሆናል አልኳት። ብዕሩን አስቀምጣ መልሳ አነሣችው።

ከዚህ ወደዚያ እየተመላለሰች ልብስ የምትነግደው ይመኙሻል ደብረ ዘይት አግኝታዎት ነበር። ጆሮዎ በሞተር ድምፅ ተጎድቶ ስልክ እንደማይሰሙ፣ ጋዜጣ ግን ከላይ እስከ ታች እንደሚያነቡ ነገረችን። ለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁት። በአዋሽ የጥጥ እርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጩትን አውሮፕላኖች ሲጠግኑ እንደኖሩ ግን የነገረችኝ እማዬ ናት። በሕይወቴ ስለ እርስዎ የነገረችኝ ይኸንኑ ብቻ ነው።

እኔም የአውሮፕላን ጥገና ዲፕሎማ አለኝ። ሥራዬ ግን ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ሌሎቹ የሚገጥሙትን ዕቃ እየቆጠርኩ አወጣለሁ። እጄ የሚነካው አንድ አውሮፕላን ብቻ አለ። እማዬ እዚህ ሪያድ በሚባል ሰፈር የምትሠራበት ቤት ባለቤት ካፕቴን ሀሺም ድሮ በጀዚራ የጥጥ እርሻ ላይ በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጩ ነበር። ከእማዬ ዕድሜ የሚበልጥ፣ እንግሊዝ የተሠራ ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን አላቸው። ከከተማ ወጣ ብሎ በአፈር ሜዳ ዳር ዚንጎ ከምንለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር ይቆማል። ዓርብ ዓርብ እሱን እንድጠግን ፈቅደውልኛል።

ችግሩ የጅራቱ ጎማ ነው። ፊት ሁለት ትልልቅ ጎማ አለው፤ ኋላ ጅራቱ ሥር አንዲት ትንሽ ጎማ አለች። ሲያርፍ ጅራቱ መሬት እንደነካ ያቺ ጎማ ግራና ቀኝ መራገብ ትጀምራለች። ከዚያ አውሮፕላኑ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ካፕቴን «ጥርሴን ልታስጨርሰኝ ነው» ይላሉ። ጎማዋን ቀየርኩ፣ ግራሶ ሞላሁ፣ ቡሎኖቹን አጠበቅሁ፤ አልተወችም።

ልጃቸው መጅዳ «ኻላስ፣ በቃ ይሸጥ፤ አንድ ቀን ይገድልሃል» ትላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ ሙቀቱ ሳይገባ አንድ ጊዜ ጀዚራን ከላይ ማየት ይፈልጋሉ። እኔ የምፈልገውን ያውቁታል ብዬ አስባለሁ።

እማዬን የራስሽን ሰላምታ ጻፊ ብላት «አንቺ ሰላም ካልሽ ይበቃል» አለች። ስለዚህ ሰላም ብያለሁ።

ያላዩዋት ልጅዎ፣
ኑሲባ

*

ደብረ ዘይት
ታኅሣሥ 9 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑሲባ ዳውድ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከእግሬ እብጠት በቀር ፈጣሪ ይመስገን አለሁ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጽሕፈቱ ይነበባል።

በዚህ ዘመን ስለ ጅራት ጎማ የሚጠይቀኝ ሰው ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ መፍቻ ስይዝ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤ ብዙ ነገርም አስጠልቶኛል። ሆኖም ለጥያቄ መልስ አለመስጠት ነውር ነው።

መጀመሪያ ጅራቱን በክሪክ አታንሺው። ክብደቱ ጎማው ላይ እንዳለ ጎንበስ ብለሽ ከጎን ተመልከቺ። ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት ቋሚ ዘንግ አለ፤ ያ ዘንግ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ጎማውን ከአውሮፕላኑ ጋር የያዘው የተደራረበ ብረት ባሌስትራ ይባላል። እሱ በዕድሜ ከረገበ ዘንጉ ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ዘንግ ደግሞ አርፎ አይሄድም። ሰዎች ግን ሁልጊዜ ጎማውን ይቀይራሉ፤ ጎማው ምን አደረገ?

ያን ካየሽ በኋላ ጅራቱን አንሺና ጎማውን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ነቅንቂው። ቀጭ ቀጭ ካለ በዘንጉ ዙሪያ ያለው ቡሽ ተበልቷል። ከመሪው ወደ ጎማው የሚመጡት ሁለቱ ሞላዎችም እኩል መወጠር አለባቸው፤ አንዱ ከላላ ጎማው እንደ ሰከረ ሰው ነው የሚሄደው። ንፋስም አታብዢበት። በመጨረሻ ባሌስትራውን በቤንዚን አጥበሽ በፀሐይ እያገላበጥሽ እዪው። ፀጉር የሚያህል መስመር ካየሽ ጻፊልኝ።

በግምት መሥራት ግን አልወድም። ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። የጎማው ትልቅነት እንዲገባኝ አጠገቡ ሰው ይቁም። በጣም ረጅም ሰው ባይሆን ጥሩ ነው።

የቤቱን ሰዎች በሙሉ ሰላም በዪልኝ። ለጸሐፊሽም እጅሽ አይድከም በያት።

ሰብስቤ ገብረየስ

*

ካርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ
ጥር 21 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለአቶ ሰብስቤ፣

እንዴት ከረሙ? እግርዎ እንዴት ነው? እዚህ ብርዱ ደህና ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሹራብ ያስለብሳል። የጥምቀት በዓልዎ መልካም እንደነበር ተስፋ አለኝ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ መጣች።

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበበችልኝ። አንዱን ጊዜ የጠየቅኋት እኔ ነኝ።

እርስዎ ባሌስትራ የሚሉትን እኛ እዚህ «ያይ» እንለዋለን። እማዬ ቃሉን ስታገኘው ሳቀች። «ባሌስትራ! አባትሽን ሳላውቀው የሰማሁት ቃል ነው» አለችኝ። ከዚያ ፊቷን አዞረች።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ዘንጉ በእርግጥ አዘንብሏል፤ ስንት ወር ሳየው አላየሁትም ነበር። ቡሹም አልቋል። በሪክሻ፣ እናንተ ባጃጅ በምትሉት፣ ይዤው ቶርኖ ቤት ሄድኩና በነሐስ አስወጣሁለት። የቶርኖው ሰውዬ «ይህ ከምን መኪና ነው?» አለኝ። «ከጣያራ»፣ ከአውሮፕላን ማለቴ ነው፣ ስለው ሥራውን አቁሞ አየኝና «ያ ቢንቲ፣ አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ያውቃል?» አለ። አባቴ እንደሞተ አልነገርኩትም። ሞላዎቹንም እኩል አደረግሁ። ካፕቴን በመሬት ሲነዱት መንቀጥቀጡ በግማሽ ቀነሰ። ደስ ብሏቸው እጄን ሳሙ፤ እኔም በዚያ ሳምንት ዕቃ ቤት ውስጥ ማንም ያናገረኝን ነገር አልሰማሁም።

በመጨረሻ ባሌስትራውን በቤንዚን አጠብኩት። በታችኛው ብረት ላይ፣ ቡሎኑ ከሚያልፍበት ቀዳዳ ጀምሮ፣ ያሉት ፀጉር አለ።

ካፕቴን «አስበይደዋለሁ» ይላሉ። የጭነት መኪና ሁሉ የሚበይድ ሰው ያውቃሉ። «ሌላ ከየት ይመጣል? የሠራው ፋብሪካ እኔ ሳላገባ ተዘግቷል» ይላሉ። እኔ ልቤ አልወደደውም፣ ምክንያቱን ግን መናገር አልቻልኩም። ይበየዳል? እስከ የካቲት አጋማሽ እጠብቅሻለሁ ብለውኛል። እባክዎ ቶሎ ይመልሱልኝ።

ፎቶው እነሆ። እማዬን አጠገቡ ቁሚ ስላት «እኔ ምን ቤት ነኝ?» አለች። ስለዚህ ካፕቴን ሀሺም ቆሙ። ረጅም ናቸው፤ ይቅርታ።

ኑሲባ

*

ደብረ ዘይት
የካቲት 4 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑሲባ፣

አይበየድም። ሰላምታውን ወደ ኋላ ላድርገውና ይህን ላስቀድም። አይበየድም፤ አይበሳም፤ በእሳትም አይቀናም።

ልብሽ አልወደደውም ብለሻል፤ ልክ ነው። ምክንያቱ ይኸውልሽ። የባሌስትራ ብረት እንደ በር ብረት አይደለም። ሲሠራ በእሳትና በዘይት ልክ ተሰጥቶታል፤ የሚታጠፈውና የሚመለሰው በዚያ ልክ ነው። የብየዳ እሳት ያን ልክ ያጠፋዋል። ላዩ ያማረ ይመስላል፤ ከብየዳው ዳር ያለው ግን እንደ ብርጭቆ ይሆናል። መሬት ላይ ሲነዳ ዝም ይላል። አየር ወጥቶ ጅራቱ የወረደ ዕለት ይሰበራል። ይህን በአዋሽ በዓይኔ አይቻለሁ። አብራሪያችን በላይነህ ከዚያ በኋላ ያለ ምርኩዝ አልሄደም።

ካፕቴኑን የተከበሩ ሰው ናቸውና በአክብሮት ንገሪያቸው። ሰብስቤ የሚባል ደንቆሮ ሽማግሌ በእግዜር ስም ይለምንዎታል በያቸው። ጀዚራ የትም አይሄድም።

ፎቶው ደርሶኛል። እሳቸውን ግን አልጠየቅሁም።

ይመኙሻል ነገ ትነሣለች ብለውኛል፤ ራሴ መናኸሪያ ወርጄ እሰጣታለሁ። ጸሐፊሽ የመጀመሪያውን መስመር ደግማ ታንብብልሽ። እንግዲህ እንዴት ሰነበታችሁ? ሁላችሁም ማለቴ ነው።

ሰብስቤ

*

ካርቱም
መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰብስቤ፣

ይህን የምጽፈው እኔ እፀገነት ነኝ። ዛሬ የሚያስጽፈኝ የለም።

«አይበየድም» ያልክበት ደብዳቤ ትናንት ደረሰን። ይመኙሻል ጎንደር ላይ ወባ ጥሏት እዚያው ከርማለች። ስትገባ ገና ከበሩ «አደራ አለብኝ» ብላ ወረቀቱን ከደረቷ አወጣች። ሻይ አፈላሁላት።

ካፕቴን ሀሺም የበረሩት በየካቲት መጨረሻ ዓርብ ጠዋት ነው። ብረቱን አስበይደው፣ በቀለም ሸፍነው፣ ራሳቸው አምጥተው ነበር። እኔም ምሳ ይዤላቸው አብሬ ሄጃለሁ። ኑሲባ ገጥማው ስታበቃ «የኻሊ መልስ ይምጣ፤ አንድ ሳምንት ብቻ» አለቻቸው፤ ኻሊ የምትለው አንተን አጎቷን ነው። ካፕቴን ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ እፀገነት፣ ወንድምሽ ይመልሳል?» አሉኝ።

እኔም «እሱን ከጠበቃችሁ ክረምት ይገባል። መልስ የመስጠት ልማድ የለውም» አልኩ።

አንድ ጊዜ እንደመለስክ እያወቅሁ አልኩት። አፌ ላይ የመጣው ያ ነው። ልጄ አየችኝ። ካፕቴን «ያላ» ብለው ወጡ።

አበራረሩ ያምር ነበር፤ ውሸት አልጽፍም። ሲመለሱ ሁለቱ የፊት ጎማዎች መሬቱን በደንብ ያዙ። ኑሲባ ክንዴን ጨብጣ ነበር። ጅራቱ ቀስ ብሎ ወረደና እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ጎማዋ ለብቻዋ እየተንከባለለች ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። አውሮፕላኑ አፈሩን እያረሰ ዞረ፤ ክንፉ መሬት መታና ቆመ። ከዚያ አቧራ ብቻ። ልጄ ወደ አቧራው ስትሮጥ ጀርባዋን ነው ያየሁት።

ካፕቴን የእጃቸው አንጓ ተሰብሯል፤ ግንባራቸው ተሰፍቷል። ነፍሳቸው ተርፋለች። መጅዳ ሐኪም ቤት መጥታ አልጮኸችም። ኮሪደር ላይ ለብቻ ወሰደችኝና «እፀገነት፣ አንቺን አልጠላሽም። ግን ባየሁሽ ቁጥር አባቴን በደም ነው የማየው። ከነገ ጀምሮ አትምጪ» አለችኝ። ልጆቿን በጀርባዬ ያሳደግሁበት ቤት ነው። ቁልፉን አውጥቼ ሰጠኋት።

ኑሲባ ወደ ዕቃ ቤቱ ትሄዳለች፣ ትመጣለች፣ ትተኛለች። የተሰበረውን ብረት ከአልጋዋ ሥር አስቀምጣዋለች። «ጣይው» ብላት «ኻሊን ጠይቂልኝ፣ ሌላ ይሠራል ወይ?» አለችኝ። ራሷ ልታስጽፈኝ አፍራለች። ካፕቴን በሷ አልፈረዱም፤ እሷ ግን በራሷ ፈርዳለች። አውሮፕላኗ እንደዚያ ተጋድማ ከቀረች ይህች ልጅ ቀና የምትል አይመስለኝም።

«ለጥያቄ መልስ አለመስጠት ነውር ነው» ብለህ ጽፈህላታል። ሳነብላት ድምፄን አልቀየርኩም። ዳውድን ሳገባ እኅት የለኝም አልክ፤ ይሁን። ያኔ ሁላችንም በቁጣ ነበር የምንኖረው። እማማ መሞቷን ግን ዓመት አልፎ ከመንገደኛ ሰማሁ፤ ሱቅ ተራ ቆሜ። ዘይቱን ገዝቼ ቤቴ ገባሁ፤ ወጥ ሠራሁ።

ይህን የምጽፈው እንድትመልስልኝ አይደለም። ደክሞኛል። ስለ ብረቱ ብቻ መልስልኝ።

እፀገነት ገብረየስ

*

ደብረ ዘይት
መጋቢት 29 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለእፀገነት፣

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት።

ለካፕቴኑ እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክላቸው። ለልጅቷ እንዲህ በያት። ስንጥቁን ያየችው እሷ ናት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳያዩ የሚያልፉ አሉ። ይበየድ ያለችው እሷ አይደለችም፤ ደብዳቤውንም ያዘገየችው እሷ አይደለችም።

ሌላ ብረት ይሠራል። ጸጋዬ የሚባል የመኪና ባሌስትራ የሚሠራ ሰው እዚህ አለ፤ ጥሩ ሠራተኛ ነው፣ ካልተቆጣጠሩት ግን ይቸኩላል። ሁለቱም ቁራጭ ያስፈልገኛል። በእጄ ሳልይዘው ቅስቱን ማወቅ አልችልም፤ ፎቶ አይሆንም። በይመኙሻል አትላኪው። ኬላ ላይ ብረት ምን ያደርግልሻል ቢሏት ጥላው ነው የምትመጣው።

አንቺ ይዘሽው ነይ።

ስለ ሌላው ነገር በደብዳቤ አልችልበትም። የምትመጪበትን ቀን በሰው ላኪብኝ። መናኸሪያው በር ላይ እቆማለሁ። ብትጠሪኝ አልሰማም፤ ስለዚህ አንቺ ፈልጊኝ።

ሰብስቤ

*

ካርቱም
ሰኔ 20 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለእማዬ እና ለአጎቴ ለኻሊ ሰብስቤ፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ይህን እኔ በእጄ ጻፍኩ። ይመኙሻል የፊደል ገበታ አመጣችልኝ። ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ስሕተት ካለ ሳቁ።

ያዩ በመንገደኛ እጅ ደረሰ። ባሌስትራው ማለቴ ነው። ጨርቁን ስፈታ በብረቱ ላይ አንድ ወረቀት ታስሯል፤ ሌላ ምንም ሳይኖር «አይበየድም» ይላል። ኻሊ፣ ወላሂ ገብቶኛል። እማዬ፣ አንቺ ግን ምንም አልጻፍሽም። ከሄድሽ ግንቦት አለፈ፣ አሁን ረመዳን ገባ። ቤቱ ዝም ብሏል። በፊጥር ሰዓት ጾም ልፈታ ለብቻዬ ሳህን ሳወጣ ሁለት አወጣለሁ፣ አንዱን እመልሳለሁ።

አሁን ስለ ጣያራዋ ልንገራችሁ። ክንፏን አስጠግነዋል። ካፕቴን እጃቸው አልታጠፍ ብሏል፤ ሐኪሙ ከእንግዲህ አትበርም አላቸው። እሳቸው ለመጅዳ «እሸጣታለሁ፣ ግን የተሰበረች አልሸጥም» አሏት። መጅዳም እሺ አለች። አምጀድ የሚባል አብራሪ ሊገዛ መጣ።

ባሌስትራውን እኔ ገጠምኩ። ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆመ። አምጀድ ከጎን ጎንበስ ብሎ አየ። «ማነው የሠራው?» አለ። «አጎቴ ደብረ ዘይት ሆኖ» አልኩ። «ማነው የገጠመው?» አለ። «እኔ።» ገብቶ ሞተር አስነሣ።

ሙቀቱ መጥፎ ነበር። እኔም ጾም ላይ ነኝ። ወጣ፣ ሜዳውን ዞረ፣ ወረደ። ጅራቱ ሲነካ ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም ድምፅ የለም። ስከፍተው ቀጥ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ሪክሻ ወደ እኛ እየመጣች ነው። ካፕቴን መኪና ውስጥ ነበሩ። አላጨበጨቡም። አለቀሱ። መጅዳ ወርዳ መስኮቱን ዘጋችላቸው፤ ሰው እንዳያያቸው ነው።

አምጀድ ገዛት። ከዚያ «ጥገናው ያንቺ ነው፤ ካንቺ ሌላ ሰው አይንካት» አለኝ። ያው ዓርብ ብቻ ነው። በሌላው ቀን ዕቃ ቤት አለሁ። ግን ዓርብ አለ።

መጅዳ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ። «ትመለስ፣ ያኔ ተናድጄ ነው» አለች። እኔ ምን ልመልስ? እማዬ፣ መቼ ትመጫለሽ?

ኑሲባ

*

ደብረ ዘይት
ሐምሌ 8 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለኑሲባ፣

እንደምን ከረምሽ የኔ ልጅ? እኔና አጎትሽ አለን። እንድታነቢው ፊደሉን አግዝፌ ነው የምጽፈው። የከበደሽ ቦታ ካለ ይመኙሻልን ጠይቂያት። ደብዳቤሽን ሰብስቤ ነጥቆ አስቀድሞ አነበበው። «ዘንጉ ቀጥ ብሎ ቆመ» የሚለው ላይ ሲደርስ ጭኑን መታ። ስሕተቱ ላይ አልሳቅንም።

እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ረስቼሽ አይደለም። እዚህ ስደርስ የሃያ ምናምን ዓመት ድካም አንድ ላይ መጣብኝ። ቁጭ ካልኩ መነሣት ያቅተኛል።

መንገዱን ልንገርሽ። ብረቱን በነጠላዬ ጠቅልዬ ከጭኔ አላወረድኩትም። መተማ ኬላ ላይ ፈታሹ «ምንድነው?» አለኝ። «የአውሮፕላን እግር ነው» አልኩት። ጓደኛውን ጠርቶ ድገሚለት አለኝ፤ ተሳሳቁብኝና ለቀቁኝ። ጎንደር አድሬ፣ አዲስ አበባም አድሬ፣ እዚህ በጠዋት ገባሁ።

መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። እኔ የማውቀው ሰብስቤ ወፍራም ነበር። ይህ ሰውዬ ኮቱ ሰፍቶታል። ጀርባውን ሰጥቶ የሚወጣውን ሰው ሁሉ ያያል፤ እኔ በሌላው በር ወጥቻለሁ። «ወንድም ጋሼ» ብዬ ጠራሁት። እንደማይሰማ ረስቼው ነው። ሄጄ ትከሻውን ነካሁት። ዞሮ ፊቴን አየ፤ ከዚያ ያቀፍኩትን ጥቅልል አየ።

«ብረቱ ነው?» አለ ጮኾ። ድምፁ ምን ያህል እንደሚወጣ አያውቀውም።

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ተቀበለኝና እንደ ሕፃን አቅፎት ወደ ቤት ሄድን። በመንገድ ሁሉ ስለ ብረት ብቻ ነገረኝ።

ጸጋዬ ዘንድ ቀን ሙሉ ተቀምጠን እንውል ነበር። ሰብስቤ ቁራጮቹን ገጥሞ ቅስቱን በካርቶን አነሣ። ጸጋዬ የመጀመሪያውን ሠርቶ ሲሰጠው ንዝረቱ በአጥንቱ እንዲሰማው አንዱን ጫፍ መንጋጋው ላይ አስደግፎ በመዶሻ መታውና «ደርቋል፤ ይሰበራል» ብሎ መለሰበት። ጸጋዬ ተናደደ፣ መፍቻውን ወረወረ። ሰብስቤ ምንም ስላልሰማ ተቀምጦ ጠበቀው። በበነጋው ሌላ ሠራ፤ ለአንቺ የደረሰሽ እሱ ነው።

ከዚያ ወዲህ እግሩ አብጦ ከቤት አይወጣም። ጠዋትና ማታ በሞቀ ውኃ አጥብለታለሁ። ሐኪሙ ልቡ ነው ብሏል። ለመጅዳ አትጠብቀኝ በያት። በክፋት አይደለም፤ ሰላም ብላለች በያት። ቢያንስ እስከ መስቀል እዚህ ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ከዕቃ ቤቱና ከአምጀድ ፈቃድ ካገኘሽ አንቺ ነይ፤ አጎትሽ መዳፍሽን ማየት ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ ትናንት የሆነውን ልጻፍልሽ፤ አንቺ ያልጻፍሽው ነገር የለምና።

ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዤ ነበር። ማታ ማታ ልጠይቀው እነሣና እተወዋለሁ። በለሆሳስ የምትጠይቂው ነገር ነው፤ ለደንቆሮ ሰው ግን መጮህ አለብሽ። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት አድርጌ ልጩኸው? ግቢው ውስጥ ተከራዮች አሉ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ ከጋዜጣው ጫፍ ቀደድኩና ጻፍኩለት። «እማማ ስትሞት ስሜን ጠርታ ነበር?» ብዬ።

መነጽሩን አደረገ። ያቺን አንድ መስመር አነበበ። ከዚያ ቀና አለና በዚያ ድምፁ ጮኸ፤

«በየቀኑ! በየቀኑ ነበር የምትጠራሽ! ‹እፀገነት መጣች ወይ?› ትለኛለች፤ ‹ነገ ትመጣለች› እላት ነበር! ጠዋት ስትነቃ ፊቷን ታጥባ ትጠብቅሻለች! ነገ፣ ነገ እያልኳት ሞተች! ይህን እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ? እንዴት ተብሎ ይጻፋል?»

ማዶ ልብስ የምታሰጣው ተከራይ እጇ ገመዱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሁለት ሰዎች ከቤታቸው ብቅ አሉ። እኔ እጅጌውን ይዤ «ቀስ በል ወንድም ጋሼ፣ ሰው ይሰማል» አልኩት።

አልሰማኝም። ዝናቡ እንደገና እስኪጀምር ድረስ ስለ እሷ ጮኸልኝ። እኔም እጅጌውን ሳልለቅ ተውኩት፤ ይጩህ።

እናትሽ፣
እፀገነት